ከኪቱ የሚወጣው ቁጥር ምንን ይለካል? በአይጥ ደም ውስጥ የቮን ቪለብራንድ ፋክተርን ስለ መለካት

የደም መፍሰስ ሕመምን ለማከም የታሰበ አዲስ መድኃኒት ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በአብዛኛው በአይጥ ላይ ይሞከራል። ተመራማሪው መድኃኒቱን ከሰጠ በኋላ ከአይጧ ጥቂት ደም ይቀዳል፤ ለመርጋት ከሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች አንዱ ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደሆነ ለማወቅም ከአምራች የተገዛ፣ ኪት የሚባል አንድ ሣጥን ይከፍታል። በሣጥኑ ውስጥ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት፣ ጥቂት ትናንሽ ጠርሙሶችና አንድ የአሠራር መመሪያ ይገኛሉ። ሥራው ከተጀመረ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጉድጓዶቹ ቢጫ ይሆናሉ፤ መሣሪያው የቀለሙን ድምቀት ያነባል፤ ኮምፒውተሩም ለእያንዳንዷ አይጥ አንድ ቁጥር ያወጣል። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ያ ቁጥር እንዴት እንደሚገኝ፣ በእርግጥ ምንን እንደሚለካና በየት በኩል ሊያሳስት እንደሚችል ነው። ስለ መርጊያ ፕሮቲኖች ሁሉ በጅምላ ከመናገር አንዱን ይዞ መዝለቅ ስለሚሻል ቮን ቪለብራንድ ፋክተር የተባለውን መርጫለሁ፤ እንዲህ ባለው ኪት ላይ የሚደርሱት ችግሮች ሁሉ ማለት ይቻላል በእሱ ላይ ጎልተው ይታያሉና።

ፕሮቲኑና ሥራው

ፕሮቲኑ ስሙን ያገኘው ከፊንላንዳዊው ሐኪም ከኤሪክ ቮን ቪለብራንድ ነው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው ጥናት፣ በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባሉት የኦላንድ ደሴቶች በሚኖር አንድ ቤተሰብ ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የደም መፍሰስ ሕመም ገለጸ። ሕመሙ አስቀድሞ ይታወቅ ከነበረው ከሄሞፊሊያ የተለየ መሆኑን ያመለከተው አንዱ ነገር ወንዶችን ብቻ ሳይሆን ሴቶችንም መያዙ ነበር። የጎደለው ነገር በፕላዝማ፣ ማለትም ሴሎቹ ሲለዩ በሚቀረው የደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኝ አንድ ትልቅ ፕሮቲን መሆኑ የታወቀው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ቮን ቪለብራንድ ፋክተር ሁለት ዋና ሥራዎች አሉት። የደም ሥር ሲቆረጥ ከውስጠኛው ሽፋን በታች ያለው ኮላጅን ይጋለጣል፤ ፕሮቲኑ በዚህ ኮላጅን ላይ ተጣብቆ በአጠገቡ የሚያልፉትን ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ቁስልን የሚደፍኑትን ጥቃቅን የደም ሴሎች ይይዛቸዋል። ደም በኃይል በሚፈስባቸው ጠባብ የደም ቅዳ ሥሮች ውስጥ ይህ ፕሮቲን ከሌለ ፕሌትሌቶቹ በቁስሉ ላይ መቆሚያ አያገኙም። ሁለተኛው ሥራው ፋክተር 8 የተባለውን ሌላ የመርጊያ ፕሮቲን ተሸክሞ መዞር ነው፤ ተሸካሚውን ያጣ ፋክተር 8 ከደም ውስጥ ቶሎ ይወገዳል። ስለዚህም የቮን ቪለብራንድ ፋክተር በጣም ያነሰው ሰው፣ ፋክተር 8 የሚያመርተው ጂኑ ጤናማ ሆኖ ሳለ፣ ፋክተር 8ም ያንሰዋል።

ለልኬት ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ መታወቅ ያለበት የፕሮቲኑ ቅርጽ ነው። ሞለኪውሎቹ በመጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ ከዚያም ጥንዶቹ እርስ በርስ እየተያያዙ አጭርም እጅግ ረጅምም ሰንሰለት ይሠራሉ። ረጅሞቹ ሰንሰለቶች ፕሌትሌት በመያዝ ረገድ ከአጭሮቹ በብዙ የበረቱ ናቸው፤ ከልክ በላይ ረዝመው ያለ ቁስል ደም እንዳያረጉም አዳምትስ13 የተባለ ኢንዛይም በደም ውስጥ ይቆራርጣቸዋል። የሚመረተው ፕሮቲን ሁሉ ወዲያው ወደ ደም አይለቀቅም። አንዱ ክፍል በደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሴሎች ውስጥ፣ ኤቫልድ ቫይበልና ጆርጅ ፓላድ እ.ኤ.አ. በ1964 በገለጿቸውና በስማቸው በሚጠሩት ማከማቻዎች ተቀምጦ ይቆያል፤ ሌላው ክፍል በፕሌትሌቶች ውስጥ ይገኛል። ጉዳት፣ ብግነት ወይም እንደ አድሬናሊን ያለ የድንጋጤ ሆርሞን ሲመጣ ከማከማቻው ይለቀቃል። ይህ ክምችት መኖሩ ኋላ ስለ ደም አቀዳድ ስንናገር ተመልሶ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

አይጦቹ

እ.ኤ.አ. በ1998 በቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች የዚህ ፕሮቲን ጂን ጨርሶ እንዳይሠራ የተደረጉ አይጦችን ገለጹ። የእነዚህ አይጦች ጅራት ጫፍ ሲቆረጥ ደማቸው እንደ ጤነኞቹ ቶሎ አይቆምም፤ ፋክተር 8ም በደማቸው ውስጥ በጣም ያነሰ ነው፤ ማለትም ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው ሁኔታ በብዙ መልኩ ይመስላሉ። ለሕክምና ምርምር ያላቸው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ለኪት ገዢም የሚሰጡት ሌላ ጥቅም አለ፤ እሱን ከታች እንመለስበታለን።

ጂናቸው ያልተነካ አይጦችም ቢሆኑ በዚህ ፕሮቲን መጠን አንድ ዓይነት አይደሉም። በቤተ ሙከራ ለብዙ ትውልድ በዘመዳሞች መካከል እየተዳቀሉ በተባዙ ዝርያዎች መካከል ሰፊ ልዩነት አለ፤ በጣም የታወቀው ምሳሌ አር3ኤስ የሚባለው ዝርያ ነው። የዚህ ዝርያ አይጦች በደማቸው ያለው ቮን ቪለብራንድ ፋክተር ዝቅተኛ ነው። ምክንያቱ ሲፈለግ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት እንደ ታወቀው፣ ችግሩ ከፕሮቲኑ ጂን ላይ አልተገኘም። በተለመደው ሁኔታ በአንጀት ሽፋን ሴሎች ውስጥ የሚሠራ፣ በፕሮቲኖች ላይ ስኳር የሚጨምር አንድ ኢንዛይም በእነዚህ አይጦች በደም ሥር ሽፋን ሴሎች ውስጥ ይሠራል፤ የማይገባው ስኳር የተለጠፈበትን ቮን ቪለብራንድ ፋክተርም ጉበት ለይቶ በፍጥነት ከደም ያስወግደዋል። ምርቱ ሳይቀንስ ዕድሜው አጠረ ማለት ነው። ኪቱ ለእንዲህ ያለችው አይጥ የሚሰጠው ዝቅተኛ ቁጥር ትክክል ነው፤ ለምን ዝቅ እንዳለ ግን ከቁጥሩ ላይ ማንበብ አይቻልም።

በዚህ የተነሣ የአንድን ዝርያ አይጥ ከሌላ ዝርያ ጋር አነጻጽሮ “መድኃኒቱ ፕሮቲኑን ቀነሰው” ማለት አደገኛ ነው። የመነጻጸሪያዎቹ አይጦች በዝርያ አንድ፣ የሚቻል ከሆነም ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ መሆን አለባቸው፤ ጾታና ዕድሜያቸውም ሊቀራረብ ይገባል።

በጉድጓዱ ውስጥ የሚሆነው

ኪቱ የሚሠራበት ዘዴ ኤላይዛ ይባላል። ይህን ስም ብዙ አንባቢ ከኤች አይ ቪ ምርመራ ጋር አያይዞ ሰምቶታል፤ የተለገሰ ደም በደም ባንኮች ከሚመረመርባቸው ዘዴዎችም አንዱ ነው። የዘዴው ሥር በኒው ዮርክ ሮዛሊን ያሎና ሰሎሞን በርሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢንሱሊንን ለመለካት በፈጠሩት ሥራ ላይ ነው። እነሱ የተጠቀሙት በሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ምልክት ነበር፤ ለዚህም ያሎ እ.ኤ.አ. በ1977 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች፤ በርሰን ቀደም ብሎ በመሞቱ አልተካፈለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በስቶክሆልም ኤቫ ኢንግቫልና ፒተር ፐርልማን፣ በኔዘርላንድስ ደግሞ ሌላ ቡድን ለብቻው፣ በሬዲዮአክቲቩ ምትክ ቀለም የሚያወጣ ኢንዛይም አስገቡ። ዘዴው ከጨረር ሥጋት ነጻ በመውጣቱ ማንኛውም ቤተ ሙከራ ሊሠራው የሚችል ሆነ።

አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ኪቶች ሳንድዊች የሚባለውን አሠራር ይከተላሉ። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ አምራቾች ጥንቸልን፣ በግን ወይም ሌላ እንስሳን በሚፈለገው ፕሮቲን በመክተብ፣ ወይም አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ የሚያወጡ ሴሎችን በማሳደግ ያገኙታል። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ወለል አስቀድሞ የአይጥን ቮን ቪለብራንድ ፋክተር በሚይዝ አንቲቦዲ ተቀብቷል፤ ባዶ የቀረው የፕላስቲክ ገጽም ሌላ ፕሮቲን እንዳይጣበቅበት በማይጎዳ ፕሮቲን ተሸፍኗል። የቀጠነ ፕላዝማ ሲጨመር በውስጡ ያለው ቮን ቪለብራንድ ፋክተር ይያዛል፤ ቀሪው ታጥቦ ይወገዳል። ቀጥሎ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጨመራል፤ እሱም የተያዘውን ፕሮቲን በሌላ በኩል ይይዛል። ሁለተኛው አንቲቦዲ ላይ ኢንዛይም ተያይዟል፤ ወይም ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን ተያይዞበት ኢንዛይሙ ባዮቲንን በሚይዘው ስትሬፕታቪዲን በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ኋላ ይመጣል። ኢንዛይሙ ብዙውን ጊዜ ሆርስራዲሽ ከተባለ የሰናፍጭ ዘመድ ተክል ሥር የሚገኘው ፐርኦክሲዴዝ ነው። እንደገና ከታጠበ በኋላ ቲኤምቢ የሚባለው ፈሳሽ ሲገባ ኢንዛይሙ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ አሲድ ሲጨመር ሥራው ይቆማል፤ ቀለሙም ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ መሣሪያውም ቢጫውን በ450 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ያነባል።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚደጋገመው ማጠብ ለተመልካች ተራ ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን ጀማሪን ከማስተምረው ነገር ሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው። በጉድጓዱ ጥግ የቀረች ጥቂት ኢንዛይም ምንም ፕሮቲን የሌለበትን ጉድጓድ ልታቀልም ትችላለች። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ለማቆያ ተብሎ በብዙ ፈሳሾች ውስጥ የሚጨመረው ሶዲየም አዛይድ ፐርኦክሲዴዝን ይገታዋል፤ እንዲህ ባለ ፈሳሽ የታጠበ ፕሌት ፕሮቲኑ ሞልቶ ሳለ ቀለሙ ይደበዝዛል።

ከቀለም ወደ ቁጥር

መሣሪያው የሚያነበው ፕሮቲንን ሳይሆን ቀለምን ነው። ቀለሙ ወደ መጠን የሚተረጎመው መጠኑ የታወቀ ስታንዳርድ በተከታታይ እየቀጠነ በዚያው ፕሌት ላይ ስለሚሠራ ነው። የስታንዳርዶቹ ቀለም ከመጠናቸው ጋር ሲነጻጸር ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን፣ ታችም ላይም የሚጎብጥ ኩርባ ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩም ብዙውን ጊዜ አራት መለኪያዎች ባሉት ቀመር ያሰላዋል። በኩርባው መካከል ያለ ንባብ አስተማማኝ ነው፤ ላይኛው ጫፍ በሚተኛበት ቦታ ግን ትንሽ የቀለም ልዩነት ትልቅ የመጠን ልዩነት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከኩርባው በላይ የወጣ ናሙና በግምት ሊሰጠው አይገባም፤ ይበልጥ ቀጥኖ እንደገና መሠራት አለበት።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ፕላዝማ 500 ጊዜ ቀጥኖ ገብቶ ኩርባው በአንድ ሚሊሊትር 12 ናኖግራም ቢሰጠው፣ በፕላዝማው ውስጥ ያለው 12 ሲባዛ በ500፣ ማለትም 6000 ናኖግራም ወይም 6 ማይክሮግራም ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የማቅጠኑ ስሕተትም አብሮ ይባዛል። ከ2 ማይክሮሊትር ፕላዝማ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ 500 ማቅጠን ፒፔት የተባለውን የፈሳሽ መለኪያ ከአቅሙ በላይ ማስጨነቅ ነው፤ በሁለት ደረጃ፣ በተሻለ መጠን ማቅጠን ይመረጣል።

ማቅጠንን መተው ደግሞ ከዚህ የባሰ ስሕተት ያመጣል። ናሙናውና ሁለተኛው አንቲቦዲ በአንድ ጊዜ በሚጨመሩባቸው ኪቶች ውስጥ ፕሮቲኑ እጅግ ከበዛ፣ አንዱ ፕሮቲን ወለሉን፣ ሌላው ፕሮቲን ሁለተኛውን አንቲቦዲ እየያዘ ሳንድዊቹ ሳይሠራ ይቀራል፤ እጅግ ብዙ ፕሮቲን ያለበት ናሙና ጥቂት እንዳለበት ሆኖ ይነበባል። ይህን የሚያጋልጠው ያንኑ ናሙና በሁለትና በሦስት የተለያየ ቅጥነት መሥራት ነው። ሁሉም ወደ መነሻው ሲመለሱ ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት አለባቸው። ቅጥነቱ በጨመረ ቁጥር የመጨረሻው ውጤት እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይ ይህ ችግር አለ፣ ወይም በፕላዝማው ውስጥ መያያዙን የሚያውክ ሌላ ነገር አለ።

ለሰው ቮን ቪለብራንድ ፋክተር የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው ዓለም አቀፍ ማመሳከሪያ ስላለ የተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ቁጥር ወደ አንድ መለኪያ ይመለሳል። ለአይጥ ኪቶች ግን እያንዳንዱ አምራች የራሱን ስታንዳርድ ስለሚያዘጋጅ ከሁለት አምራቾች የተገዙ ሁለት ኪቶች ለአንድ ፕላዝማ የተለያየ ቁጥር ቢሰጡ አያስደንቅም። በዚህ ምክንያት ብዙ ተመራማሪዎች ናኖግራምን ትተው፣ ከብዙ ጤነኛ አይጦች ፕላዝማ ተቀላቅሎ የተዘጋጀውን 100 በመቶ ብለው፣ የእያንዳንዷን አይጥ ውጤት ከዚያ ጋር እያነጻጸሩ በመቶኛ ይገልጻሉ። በእኔ ግምት ይህ አካሄድ የበለጠ ሐቀኛ ነው፤ ሦስት የአሥርዮሽ ቤት ያለው ናኖግራም የሌለውን ትክክለኛነት ያለ ያስመስላልና።

ፕሌቱ ከመከፈቱ በፊት የሚበላሸው

የኪት አምራቾች መመሪያ ስለ ፕሌቱ አሠራር በገጽ ሙሉ ሲያብራራ ስለ ደም አቀዳድ ጥቂት መስመር ብቻ ቢጽፍ የተለመደ ነው። ከመርጊያ ፕሮቲኖች አንጻር ግን ትልቁ ስሕተት የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

25 ግራም የምትመዝን አይጥ ጠቅላላ ደሟ 2 ሚሊሊትር ቢጠጋ ነው። አይጧ በሕይወት እንድትቀጥል ከተፈለገ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ከዚህ አሥር በመቶ ገደማ ማለፍ እንደሌለበት ብዙ የእንስሳት እንክብካቤ መመሪያዎች ይደነግጋሉ። ደሙ እንዳይረጋ 3.2 በመቶ ሶዲየም ሲትሬት አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ደም ይቀላቀላል። በሰው ላይ ሙሉ ቱቦ ስለሚቀዳ መጠኑን መጠበቅ ቀላል ነው፤ በአይጥ ላይ ግን 10 ማይክሮሊትር ሲትሬት ያለበት ቱቦ ተዘጋጅቶ፣ 90 ማይክሮሊትር ደም ሲጠበቅ የሚመጣው 45 ብቻ ሊሆን ይችላል። የደሙ 45 በመቶ ሴል ነው ብንል፣ በመጀመሪያው ሁኔታ በቱቦው ካለው ፈሳሽ 83 በመቶው እውነተኛ ፕላዝማ ነው፤ በሁለተኛው ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። አይጧ ሳትለወጥ፣ ፕሮቲኗም ሳይቀንስ፣ ውጤቷ 14 በመቶ ገደማ ዝቅ አለ። ከአንድ መድኃኒት የሚጠበቀው ለውጥ አንዳንድ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም።

የሚቀዳበት ቦታና አኳኋንም ይለያል። ጅራትን ቆርጦ ጠብታ ማከማቸት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከተቆረጠው ሥጋ የሚወጣው ቲሹ ፋክተር ደሙን በቱቦው ውስጥ ማርጋት ይጀምራል። መርጋት ከጀመረ ፕሌትሌቶች በውስጣቸው ያከማቹትን ቮን ቪለብራንድ ፋክተር ይለቃሉ፤ አንዳንድ ፕሮቲኖች ይጨምራሉ፤ ሌሎች ይጠፋሉ። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ፋይብሪኖጅን የተባለው የመርጊያ ፕሮቲን ነው፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ፋይብሪን ወደሚባል ክር ተለውጦ በረጋው ደም ውስጥ ስለሚቀር፣ ፋይብሪኖጅንን በሴረም፣ ማለትም ደሙ ከረጋ በኋላ በሚቀረው ፈሳሽ ውስጥ ለመለካት መሞከር ትርጉም የለውም። ለመርጋት ጥናት በማደንዘዣ ሥር ከሆድ ትልቁ ደም መላሽ ሥር በአንድ ንጹሕ ውጊያ መቅዳት የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ እሱ ግን የአይጧ የመጨረሻ ደም ነው፤ አንድን አይጥ ለሳምንታት መከታተል የሚፈልግ ተመራማሪ ሌላ መንገድ ለመጠቀም ይገደዳል። ከታገለችና ከደነገጠች አይጥ የተቀዳ ደምም ለብቻው ያሳስታል፤ በድንጋጤ የሚመጣው አድሬናሊን ከማከማቻው ፕሮቲን ያስለቅቃልና። መድኃኒት የተሰጣቸውን ጠዋት በሠለጠነ እጅ፣ ያልተሰጣቸውን ከሰዓት በኋላ በጀማሪ እጅ መቅዳት ለዚህ በቂ ስሕተት ነው።

ከተቀዳ በኋላ ደሙ በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር ፕሌትሌቶች በፕላዝማው ውስጥ ከቀሩ፣ ሲቀዘቅዙና ሲቀልጡ ፈንድተው የያዙትን ይጨምሩበታል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ማሽከርከርና ከታች የተቀመጠውን ሳይነኩ ከላይ መውሰድ ይመከራል። ቅዝቃዜውም የራሱ ጣጣ አለው። ተመራማሪዋ ጁዲት ፑል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስታንፎርድ ያስተዋለችው ነገር ነበር፦ የቀዘቀዘ ፕላዝማ በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ፋክተር 8፣ ቮን ቪለብራንድ ፋክተርና ፋይብሪኖጅን ተሰብስበው ከታች ይዘቅጣሉ። ይህ ግኝት ለሄሞፊሊያ ሕሙማን ሕክምና ሆኗል፤ ለኤላይዛ ሠሪ ግን ወጥመድ ነው። ናሙናውን ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ትቶ ከላይኛው ክፍል የወሰደ ሰው፣ ፕሮቲኑን ከታች ትቶ ውኃውን ለካ ማለት ነው። ናሙናው በ37 ዲግሪ በፍጥነት መቅለጥና በዝግታ በደንብ መቀላቀል አለበት።

አንቲቦዲው ማንን ያዘ?

አንቲቦዲ የተሠራለትን ብቻ ይይዛል ብሎ ማመን ይቀናል። በሰው ቮን ቪለብራንድ ፋክተር ላይ ከጥንቸል የተገኙ አንቲቦዲዎች የአይጡንም ስለሚይዙ ለዓመታት በአይጥ ምርምር አገልግለዋል፤ ለተራ ልኬት ጥሩ ናቸው። ነገር ግን የገዛ ፕሮቲኗን የያዘች አይጥ የሰውን ቮን ቪለብራንድ ፋክተር በመርፌ ከተሰጣት እነዚህ አንቲቦዲዎች ሁለቱን ደምረው ያነባሉ። በተቃራኒው፣ የአይጡን ብቻ የሚለይ ኪት የተሰጠውን መድኃኒት ጨርሶ ላያየው ይችላል። ሙከራው ከመታቀዱ በፊት የትኛውን መለካት እንደሚፈለግ መወሰን አለበት።

አይጥን በሚመለከት ልዩ ችግርም አለ። በቤተ ሙከራ ገበያ ያሉት በርካታ አንቲቦዲዎች የተገኙት ከራሷ ከአይጥ ነው፤ እነሱን ለማየት “የአይጥን አንቲቦዲ የሚይዝ” ሌላ አንቲቦዲ ይጨመራል። ናሙናው የአይጥ ፕላዝማ ሲሆን ግን በውስጡ የአይጧ የራሷ አንቲቦዲ ሞልቶ ስለሚገኝ፣ ማጠቡ ትንሽ ከጎደለ ሁሉም ጉድጓድ ይቀልማል። ጂናቸው የጠፋ አይጦች በተደጋጋሚ የውጭ ፕሮቲን ከተሰጣቸው ደግሞ ሰውነታቸው በፕሮቲኑ ላይ አንቲቦዲ ያመርታል፤ ያ አንቲቦዲ የኪቱን አንቲቦዲ ቦታ አስቀድሞ ይይዝና ፕሮቲኑ ሳይጠፋ የጠፋ ያስመስላል።

የእነዚህን ብዙዎቹን መልስ የሚሰጠው ከላይ የጠቀስነው ጂኑ የጠፋበት አይጥ ፕላዝማ ነው። በውስጡ ቮን ቪለብራንድ ፋክተር ፈጽሞ የለም፤ በኪቱ ላይ ቀለም ካወጣ ያ ቀለም የሌላ ነገር ነው። በዚሁ ፕላዝማ ውስጥ የታወቀ መጠን ያለው የአይጥ ፕሮቲን ጨምሮ፣ የተጨመረው ያህል ተመልሶ ይነበብ እንደሆነ ማየትም ይቻላል። አምራቹ ይህን ሠርቶ ውጤቱን በመመሪያው ካሳየ ትልቅ ነገር ነው፤ ካላሳየ ገዢው ራሱ መሥራት አለበት። የእነዚህ ኪቶች ሣጥን “ለምርምር ብቻ” የሚል ጽሑፍ ይዟል፤ ይህም ለሕሙማን ምርመራ የሚውሉት ኪቶች የሚያልፉበትን የተቆጣጣሪ ምርመራ አላለፉም ማለት ነው።

መጠንና ብቃት

በበረት ያሉትን በሬዎች የቆጠረ ሰው ስንቶቹ ጠምደው እንደሚያርሱ አላወቀም፤ ኤላይዛም እንዲሁ ነው። አጫጭር ሰንሰለት ብቻ የቀረው ፕላዝማ በኪቱ ላይ ጤነኛ የሚመስል ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ፕሌትሌት የመያዝ አቅሙ ግን ደክሟል። በሰውም ቢሆን የቮን ቪለብራንድ ሕመም ሁለተኛው ዓይነት የሚታወቀው በዚህ ነው፦ ፕሮቲኑ ይኑር እንጂ ሥራው ይጎድላል።

ሥራውን ለመለካት በሰው ላይ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ሪስቶሴቲን ነው። ይህ ቀድሞ አንቲባዮቲክ የነበረ፣ ፕሌትሌቶችን ስለሚያጣብቅ ከሕክምና የወጣ፣ በዚያው ጠባዩ ግን ለቤተ ሙከራ የተረፈ መድሐኒት ነው። በአይጥ ደም ላይ ግን አይሠራም፤ በምትኩ ተመራማሪዎች ከደቡብ አሜሪካ እባብ መርዝ የሚገኘውን ቦትሮሴቲን ይጠቀማሉ። ሌላው መንገድ ያው የኤላይዛ ፕሌት ሆኖ ወለሉ በአንቲቦዲ ምትክ በኮላጅን የሚቀባበት ነው፤ ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች ኮላጅንን አብልጠው ስለሚይዙ የሚገኘው ቁጥር ወደ ሥራው ይቀርባል። የኮላጅኑ ውጤት ለአንቲቦዲው ውጤት ሲካፈል፣ ክፍፍሉ ዝቅ ካለ ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች ጎድለዋል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ሰንሰለቶቹን በጄል ላይ በርዝመታቸው ለይቶ ማየት ደግሞ ጥርጣሬውን ያረጋግጣል።

ዝቅ ያለው መጠን ከምርት ማነስ ነው ወይስ ከመወገድ ፍጥነት የሚለውን ጥያቄም በሌላ ልኬት መመለስ ይቻላል። ፕሮቲኑ ሲሠራ ከፊቱ የሚቆረጥ አንድ ቁራጭ አለ፤ ሁለቱ አብረው ተከማችተው አብረው ቢለቀቁም ከደም የሚወገዱት ለየብቻቸው ነው። ቁራጩ እንደ ወትሮው ሆኖ ዋናው ፕሮቲን ብቻ ካነሰ፣ እንደ አር3ኤስ አይጦች መወገዱ ፈጥኗል፤ ሁለቱም እኩል ካነሱ ምርቱ ቀንሷል።

ለሚገዛና ለሚያነብ

ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ለ96 አይጦች አይበቃም። ሰባት ስታንዳርድና አንድ ባዶ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲሠሩ 16 ጉድጓድ ይወስዳሉ፤ ሁለት ኮንትሮሎች፣ ማለትም ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ ማረጋገጫ ናሙናዎች፣ ሌላ 4 ይጨምራሉ፤ የቀሩት 76 ጉድጓዶች ለ38 ናሙናዎች ብቻ ይበቃሉ። ከዚህ በላይ አይጥ ያለው ተመራማሪ ከአንድ በላይ ፕሌት ያስፈልገዋል፤ በሁለት ፕሌቶች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በአንድ ፕሌት ውስጥ ካለው ስለሚሰፋ ሁሉም ፕሌቶች ከአንድ የምርት ቁጥር መገዛታቸው፣ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የኮንትሮል ፕላዝማ መሠራቱም ግድ ነው። የታከሙትን በአንድ ፕሌት፣ ያልታከሙትን በሌላ ፕሌት ማድረግ የፕሌቱን ልዩነት የመድኃኒቱ ልዩነት አድርጎ ያሳያል፤ ሁለቱ ወገኖች በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ በዕጣ ተቀላቅለው መቀመጥ አለባቸው። በፕሌቱ ዳር ያሉት ጉድጓዶች ከመካከለኞቹ ቀድመው ስለሚሞቁና ስለሚተንኑ አንድን ወገን በዳር መደርደርም አይገባም።

የሌላውን ሰው ጥናት የሚያነብ ደግሞ ከውጤቱ ሥዕል በፊት የአሠራሩን ክፍል ቢመለከት ይሻላል። የአይጦቹ ዝርያና ጾታ፣ ደሙ ከየት እንደ ተቀዳ፣ በምን እንደ ተያዘ፣ ፕላዝማው ስንት ጊዜ እንደ ተሽከረከረ፣ ስንት ጊዜ ቀዝቅዞ እንደ ቀለጠ፣ ምን ያህል እንደ ቀጠነ፣ የኪቱ አምራችና የምርት ቁጥር፣ መቶ በመቶ የተባለው ፕላዝማ ከስንት አይጦች እንደ ተገኘ መጻፍ አለበት። “በአምራቹ መመሪያ መሠረት በኤላይዛ ተለካ” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ካለ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የታየው ልዩነት ከአይጦቹ ይሁን ከቱቦው መለየት የሚችል አንባቢ የለም።